በር ላይ የመለስኳቸው ሴቶች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴ ለሰናይት ደግሞ ጭራሽ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ሌዊስቪል፣ ሰናይት የአምስት ወር ፅንስ ጨነገፈባት። ከሆስፒታል ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ሌላው ሰው የሚጸልይበትን ሰዓት እኔ ሳነብ አሳለፍኩት። እንዲህ ያለው ድባቴ በዝግመተ ለውጥ አብሮን የቆየው ስለሚጠቅም ይሆናል የሚሉ አሉ፤ የተጎዳ ሰው ገለል ብሎ ጉልበቱን እንዲቆጥብ። ደስ አለኝ። እንደዚያ ከሆነ ከእኔ የሚጠበቀው እሷን አለመንካት ብቻ ነው።

ይህን ያነበብኩበት ጽሑፍ ግን ሌላም ግምት ነበረው፤ ድባቴ ወገን እንዲሰበሰብ የሚጣራ ምልክት ሊሆን ይችላል የሚል። አነበብኩት። ገባኝ። ዘለልኩት። ለምን? ሊጠይቋት የሚመጡ ሴቶች ሶፋው ላይ ተደርድረው «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» ሲሏት እኔም እንዳላለቅስ ፈርቼ ነው።

ላልተወለደ ልጅ ለቅሶ አንቀመጥም፤ እናቲቱን ግን ሰው ይጠይቃታል። የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ እትዬ አስቴር ከሁለት ሴቶች ጋር ድስት ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ኮል ብናደርግ አታነሳም፣ ሶ ራሳችን መጣን» አሉኝ።

«ሰው አላይም ብላለች» አልኳቸው። አላለችም። ድስቱን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ። በሳምንቱ ሲመጡም መለስኳቸው። ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

በር መዝጋቴ ሳያንስ፣ ሰናይት ከዚያው ወጥ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ «ማንም አልጠየቀኝም?» አለችኝ። «ሰው ሥራ ይበዛበታል» አልኳት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኳት። ወጡንም ገዛሁት አልኳት።

ከወራት በኋላ በሐኪም እርዳታ ተነሳች። ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ግን አልተመለሰችም። እትዬ አስቴርን ገበያ ስታያቸው መንገድ ትቀይራለች፤ እኔም የዕቃ ጋሪውን እየገፋሁ እከተላታለሁ።

ባለፈው ወር እትዬ አስቴር ወደ ጌታ ሄዱ። ለቅሶ እንሂድ አልኳት። «እሳቸው ለእኔ መቼ መጡና?» አለችኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ጫማዬን አድርጌ ብቻዬን ሄድኩ። ልጃቸው እጄን ይዛ «ሰናይትስ?» ስትለኝ «ትንሽ አሟታል» አልኳት።

ሳይንሱን አልወቅስም፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ከበደልኳቸው ከሁለቱ አንዷ ሞታለች፤ ሌላዋ ማታ ከሥራ ስትመለስ አብረን ራት እንበላለን፣ እስካሁንም አልነገርኳትም።