የጋሽ ቦሩ ቆጣሪና የወይዘሮ አልማዝ ጆይስቲኮች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ማስተር ተፈራ ካቻቢቴ ሰጡኝና እንዳልጠቀምበት አዘዙኝ። በድሮው ጦር የመገናኛ ክፍል ሃምሳ አለቃ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ማዕረጉን አስረክበው ካቻቢቴውን ይዘው ነገሌ ቀሩ፣ ከጦር ካምፑ ፊት ለፊትም የራዲዮ መጠገኛ ከፈቱ። በሱቁ ውስጥ ግን ማዕረግ አልቀረም። እሳቸው ማስተር፣ ከእሳቸው በታች ጠጋኝ፣ ከጠጋኝ በታች ረዳት ነበር። እኔ ከረዳት በታች ነበርኩ፤ ለዚያ ደረጃ ስም አልወጣለትም።

የመጀመሪያው ደንበኛ አንድ ከብት ነጋዴ ሲሆን ድምፁ የጠፋ ራዲዮ በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። እኔ ካቻቢቴዬን እያሻሸሁ ተጠጋሁ። ማስተር ግን ሰውየውን አስቀምጠው ይጠይቁት ጀመር። ባትሪ መቼ ቀየርክ? ማን ከተተልህ? ሲከትልህ መነጽሩን አድርጎ ነበር? ሰውየው ባትሪውን የከተቱለት አባቱ መሆናቸውንና መነጽር የሚባል ነገር እንደማያውቁ ተናገረ። ማስተር ክዳኑን ከፍተው ባትሪዎቹን አገላበጧቸው። ራዲዮው ጮኸ።

«አየህ፣» አሉኝ፣ «ራዲዮው ዝም ብሏል። አፍ ያለው ባለቤቱ ነው።»

ይህን ታላቅ ጥበብ ሰምቼ በጣም ተናደድኩ። እኔ የመጣሁት ብረት ልፈታ እንጂ ሽማግሌ ልሆን አልነበረም።

ከዚያ ዘመኑ ሮጠ። ራዲዮው ሞተ፣ ቴፑ ተከተለው፣ ሞባይል መጣ። ማስተር ለሁለተኛ ጊዜ ጡረታ ወጡና ሱቁን ለእኔ ተዉልኝ። ቀጥሎ በየመንደሩ ጌም ቤት ተከፈተ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ትምህርት ቤት መሆን የነበረበት ወጣት ሁሉ። ያኔ ነው የጆይስቲክ ሐኪም የሆንኩት። ገመድ አልባ ጆይስቲክ ሁለት በሽታ ብቻ አለው፤ ወይ ከማሽኑ ጋር አልገናኝም ይላል፣ ወይ ቻርጅ አልይዝም ይላል። ሌላው ሁሉ የባለቤቱ በሽታ ነው።

የባለቤቶቹን በሽታ ልዘርዝር ብል ወረቀት አይበቃም። አንድ ወታደር ጎል በገባበት ቁጥር ጆይስቲኩን ከጉልበቱ ጋር ያጋጫል፤ ከዚያ «የዛሬ ዕቃ አይረባም» ብሎ ያመጣልኛል። አንዲት እናት ባትሪው በፀሐይ ይሞላል ብላ ቆርቆሮ ላይ አስጥታዋለች። ከሻኪሶ የወርቅ ቁፋሮ የሚመጣው ጆይስቲክ ደግሞ የቻርጅ ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ሳጸዳ ጭቃውን ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ። ወርቅ የለበትም።

ከዚያው ከሻኪሶ አንድ ሰው ጆይስቲኩ አልገናኝ ብሎት በሚኒባስ መጣ።

«ማሽኑስ?» አልኩት።

«ማሽኑማ ጤነኛ ነው። ቤት አለ።»

«ታዲያ ሙሽራውን ብቻ ይዘህ መጥተህ ከማን ጋር ላጋባልህ?»

ተቆጣና ሄደ። ሌላ ቀን ማሽኑን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ጆይስቲኩን ረስቶት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ከሱቄ ጀርባ ሁለት ጌም ቤቶች በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተጣብቀው ይኖሩ ነበር። አንዱ የጋሽ ቦሩ ነው። ጋሽ ቦሩ የጉጂ ሰው ናቸው፤ ድሮ ከብት ይነግዱ ነበር፤ ጌም ቤት የከፈቱት ከብት ከመንዳት ልጅ መንዳት ይሻላል ብለው ነው። ሌላው የወይዘሮ አልማዝ ነው። ባሏ ከሰሜን በዝውውር የመጣ ወታደር ነበር፤ በሕመም ሲሞት ሁለት ልጆች ይዛ እዚሁ ቀረች። ለቅሶው ላይ ድንኳን ያስተከሉላት ጋሽ ቦሩ ናቸው። መብራቷንም ከራሳቸው ቆጣሪ የሳቡላት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀጭን ሽቦ ሌላ መብራት አልነበራትም። ጌም ቤቱም፣ የልጆቹ እንጀራም በዚያ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አንድ ማለዳ አልማዝ ሁለቱን ጆይስቲኮቿን ይዛ መጣች። ልጆች እንዳይለዋውጧቸው በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጋባቸዋለች።

«ባትሪያቸው ሙሉ ነው። ማሽኔን ግን አላውቅም አሉት» አለች።

ቤቷ ሄጄ በገመድ ከማሽኗ ጋር አገናኘኋቸው፤ የመሀሉን ቁልፍ ስጫን ወዲያው ታወቁ። ሻይ ጠጣሁ፣ ተመሰገንኩ፣ ወጣሁ። በማግስቱ ተመልሳ መጣች። አሁንም አያውቁትም። በመርፌ የኋላቸውን ቀዳዳ ነክቼ ሁሉን ነገር አስረሳኋቸውና እንደገና አገናኘኋቸው። ሻይ ጠጣሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሻይ አልቀረበም።

«አንተ ልጅ፣ እውነት ትጠግናለህ ወይስ ደንበኛ ታረባለህ?» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ቦሩ መጡ።

«አካም፣ መካኒክ።»

«ናጋ፣ ጋሽ ቦሩ። ምን ሆኑ?»

«የእኔ ጆይስቲክ ባትሪ ሞተ። ልጅ ጨዋታ ሳይጨርስ ይጠፋል። አዲስ ባትሪ ክተት።»

ከፍቼ በቴስተር ለካሁ። ባትሪው ከእኔም ከእሳቸውም የበለጠ ጤነኛ ነበር፤ ባዶ ብቻ ነው። ሞልቼ ሰጠኋቸው። «ቻርጅ ያደርጉታል?» ብዬ ስጠይቅ «ድሮስ!» ብለው ገላመጡኝ። ሊወጡ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሌላም ነገር አለ። ማሽኑ ብቻውን ይነሳል። ማንም ሳይነካው። ልጆች ሲጫወቱ ደግሞ መሀል ላይ 'ሌላ ተጫዋች ገባ' ይላል። ማን ነው የገባው? በሩ ተዘግቷል እኮ!»

«ምን ይመስልዎታል?»

«ዋቃ ያውቃል። ግን ከዚያ ግድግዳ ወዲያ የሆነ ነገር ይደረጋል።»

አልማዝም ከግድግዳው ወዲህ የሆነ ነገር ይደረጋል ባይ ነበረች። «ደንበኞቼ ሁሉ ወደ እሳቸው ሄዱ» አለችኝ። «የእኔ ጆይስቲክ እምቢ ባለ ቁጥር የማን ቤት ይሞላል?» ነገሩ ከእሷ ወደ ቡና አጣጮቿ፣ ከእነሱ ወደ ባጃጅ ተራ፣ ከባጃጅ ተራ ወደ ጋሽ ቦሩ ጆሮ ደረሰ። መንገድ ላይ ስለሰነበተም ወፈር ብሎ ነበር የደረሰው፤ ቦሩ ባል የሞተባትን ሴት ሊያከስራት መድኃኒት አስደረገ የሚል ሆኗል።

ጋሽ ቦሩ ሽቦውን እቆርጣለሁ አሉ። ግን ጎረቤት ነውና፣ ሳይቆረጥ በፊት ሽማግሌ ይስማው ተባለ።

ሽማግሌዎቹ በቀትር፣ ሁለቱም ጌም ቤት ለምሳ በተዘጋበት ሰዓት፣ ጋሽ ቦሩ ጌም ቤት ውስጥ ተቀመጡ። የሚመሩት ኦቦ ጃርሶ ናቸው፤ ስንት የግጦሽና የውኃ ጠብ የፈቱ ሰው በዚያ ቀን ጆይስቲክ ቀረበላቸው። እኔ በምስክርነት ተጠራሁ። ባለሙያ ነው ብለው አይደለም፤ አልማዝ ተባባሪ ነው ብላ፣ ጋሽ ቦሩም ተባባሪ ነው ብለው ስለከሰሱኝ ነው። ሁለቱ የተስማሙበት ብቸኛ ነገር እኔ ነበርኩ።

አልማዝ አለቀሰች። «ሽቦውን ይቁረጡት። ልጆቼን ይዤ ወደማላውቀው አገር ልሂድ» አለች። ጋሽ ቦሩ መሬት መሬት እያዩ «ስሜን አጠፋችው» ብቻ አሉ። ኦቦ ጃርሶ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ ይሄ ዕቃ እንዴት ጌታውን ይረሳል? ግመል እንኳ በረቱን አይረሳም።»

«ግመል አይደለማ፣ ኦቦ» አልኩ። «ይሄ መጨረሻ በገመድ የተሰካበትን ማሽን ጌታዬ ነው ይላል። ሲሰኩትና መሀሉን ሲጫኑት የድሮውን ይረሳዋል።» እንዲህ እያልኩ ማሽኑን ለማሳየት እጄን ዘረጋሁ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

ከጋሽ ቦሩ ማሽን ፊት ሁለት ገመዶች ወጥተዋል። በገመዶቹ ጫፍ ሁለት ጆይስቲኮች እየበሩ ይሞላሉ። ሁለቱም ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም አለ። የጋሽ ቦሩ የራሳቸው ጆይስቲኮች ባዶ ሆነው አግዳሚው ወንበር ላይ ተጥለዋል።

«ጋሽ ቦሩ፣ የአልማዝ ጆይስቲኮች እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ይበላሉ» አሉ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኳቸው ሁሉ። «የእሷ መስመር ደክሟል፤ ከቴሌቪዥንና ከማሽን አልፎ ቻርጅ አይችልም። ልጇ በምሳ ሰዓት ታመጣለች፤ ስንከፍት ትወስዳለች።»

«ዛሬም?»

«ዛሬ ምን አለ?»

«ተጣልታችኋላ!»

«ጠብ ሌላ፣ አደራ ሌላ» አሉ።

አልማዝን አየኋት። ጠብ ተብሎ ከተጀመረ ወዲህ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም፤ ጆይስቲኮቿ ግን በየቀኑ ሄደው ጠግበው ይመለሱ ነበር። ለእሷም ይህ ከክሱ ጋር የሚያያዝ ነገር ሆኖ አልታያትም። ለሁለቱም አልታያቸውም። ለእኔ ለባለሙያው ደግሞ ማንም አልነገረኝም፤ ባትሪ ሙሉ ነው ስባል ማን ሞላው አላልኩም።

«ለምን ከግድግዳው ሶኬት አይሰኩትም ነበር?» አልኳቸው።

«የሰው ዕቃ ከግድግዳ? መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ ቢያቃጥለውስ? የማሽኑ ቀዳዳ ነው ደህናው፤ ረጋ ያለ ነው። መብላቱን ለማወቅም መሀሉን እጫናለሁ፤ ካልበራ በምን አውቃለሁ?»

«ቀዳዳው ሁለት ነው። የእርስዎስ ጆይስቲኮች?»

ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ። «የእኔ የእኔ ነው። የእሷ አደራ ነው።»

እንግዲህ ምሥጢሩ ይኸው ነበር። በየቀትሩ የራሳቸውን ነቅለው የእሷን ሰኩ፤ ስለዚህ የእሳቸው ባትሪ ባዶ ሆነ። መሀሉን ተጫኑ፤ ስለዚህ የእሷ ጆይስቲክ የእሷን ማሽን ረሳ። እሷ ቤት ቁልፉ ሲነካ ከግድግዳው ወዲያ የእሳቸው ማሽን ተነሳ። መድኃኒት አስደረገ የተባሉት ሰውዬ ያስደረጉት ነገር ቢኖር መብራት ማብላት ነው።

አልማዝ ተነስታ አግዳሚው ወንበር ላይ የወደቁትን ሁለት ጆይስቲኮች አነሳች። የመሀሉን ቁልፍ ተጫነች። አልበራም። ሁለተኛውንም ሞከረች።

«ጋሽ ቦሩ፣ የራስዎን እያስራቡ ነው እንዴ የኔን ያበሉት?» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። ጋሽ ቦሩ አሁንም መሬት መሬት ያያሉ። እኔም፣ የሹፈት ሰው ነኝ ባዩ፣ ገመድ የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩ።

የራሷን ነቀለች፤ የእሳቸውን ሰካች። ኦቦ ጃርሶ ይህን አይተው መረቁ። ብዙ ጠብ ፈትቻለሁ፣ ገመድ በመንቀል የፈታሁት ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው አሉ። ሽቦው አልተቆረጠም። እንዲያውም በወፍራም ሽቦ ተቀየረ፤ የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ለዚህም ሻይ ቀረበልኝ።

በዚህ ሙያ ለምትጀምሩ ልጆች ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ጆይስቲክ አልገናኝ ካለ ከመፍታታችሁ በፊት ትናንት ማን ቤት ቻርጅ እንደተደረገ ጠይቁ። ባትሪ አልይዝ ካለ ባለቤቱ በእሱ ቦታ የማንን እንደሰካ ጠይቁ። ካቻቢቴው ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።