ኢንስፔክተሩ የጠጣበት ኩባያ

ከተማው ሁሉ እሱ ያለፋውን ቆዳ ተጫምቶና ታጥቆ ይንጎራደዳል፤ ከእሱ ቤት ውሃ ግን አይጠጣም። ለምን ብትሉ ደህና መልስ የሚሰጣችሁ የለም። አንዱ ሽታው ነው ይላል፣ ሌላው ድሮም እንዲህ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ወሬ ይለውጣል። እኛ ቆዳ አልፊው እንበለው፤ ከተማው ፋቂው ነው የሚለው። እጆቹ በኖራና በዛፍ ቅርፊት ውሃ ተነክረው ተነክረው ቡናማ ሆነዋል። በሳሙና ቢፈተጉ አይለቁም፣ እሱም መፈተጉን ከተወ ቆይቷል።

ለራሱስ ለምዶታል። አንጀቱን የሚበላው የሴት ልጁ ነገር ነበር። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ አናጢ ወዷታል፣ እሷም ወዳዋለች። የአናጢው እናት ቤት ልታይ መጣች፤ በዚያ ሐሩር ዳገቱን በእግሯ ወጥታ፣ ላቧን እየጠረገች ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የቆዳ አልፊው ሚስት በነጭ የብረት ኩባያ ውሃ ስታቀርብላት ግን «አልጠማኝም» አለች። ኩባያው ሳይነካ ተመለሰ፣ ጋብቻውም አብሮት ተመለሰ። አናጢው አለቀሰ። «እናቴን ምን ላድርጋት?» አለ። ሲያለቅስ ከልቡ ነበር፤ ከማልቀስ ያለፈ ግን ምንም አላደረገም።

የፊልም ሰዎች የመጡት ይሄኔ ነው። ፊልሙ የቆዳ ሠራተኞችን ደም ስለሚመጥ ነጋዴና ስለ አንድ ኢንስፔክተር ነው። ኢንስፔክተሩ ሕግ አላንቀሳቅስ ሲለው መታወቂያውን አለቃው ጠረጴዛ ላይ ይወረውርና ነጋዴውን ከነጀሌዎቹ በቡጢ ያደባያቸዋል። መጨረሻ ላይ ፊቱ በደም እንደራሰ ወደ አንድ ቆዳ አልፊ ደጅ ይመጣል፤ የሚጠየፈው ሰፈርተኛ ሁሉ እያየ ከቆዳ አልፊው እጅ ውሃ ተቀብሎ ይጠጣል።

ዳይሬክተሩ የእኛን ሰው እጆች ሲያይ ዓይኑ በራ። «አባባ፣ እነዚህን እጆች በቀለም አናገኛቸውም» አለው። «መናገር አይጠበቅብዎትም። ውሃውን ይሰጡታል፣ ዝም ብለው ያዩታል።»

ዝም ማለትስ የለመደው ሥራ ነው። ደስ ያሰኘው ሌላ ነገር ነበር። ኢንስፔክተሩን የሚጫወተው ተዋናይ የከተማው ዓይን ነው፤ የአናጢው እናት ሳትቀር ፎቶውን ግድግዳዋ ላይ ሰቅላለች። «እሱ ከጠጣ እሷ ምን ትላለች?» አላት ለሚስቱ። ሚስትየው ያንኑ ነጭ ኩባያ አውጥታ ፈተገችው። ጠርዙ ትንሽ ተልጧል እንጂ ንጹህ ነበር።

በቀረጻው ቀን የቤቱን ሰው ሁሉ ጓሮ አስገቡት። ተዋናዩ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ መጣ፤ ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር መሐረቡን ኪሱ ከተተ። ቆዳ አልፊው ኩባያውን ዘረጋ። ተዋናዩ ተቀበለ፣ አነሳ፣ ከንፈሩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ወደ ዳይሬክተሩ ረዳት ዞሮ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ረዳቷ ከመኪናው ሰማያዊ ኩባያና ያልተከፈተ የታሸገ ውሃ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ነጩ ለካሜራ አይሆንም፣ ያንጸባርቃል» አለችው፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ልጅ አይደለም፣ ገባው። በሰማያዊው ሰጠ፣ ተዋናዩም ግጥም አድርጎ ጠጣ። ጠጥቶም እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ሲሄዱ ኩባያቸውን ይዘው ሄዱ፤ መስኮቱ ላይ የቀረውን የነጩን ኩባያ ውሃ ባለቤቱ ራሱ ጠጣው።

«ጠጣ?» አለችው ሚስቱ።

«ጠጣ» አላት። ውሸት አልነበረም።

ፊልሙ ሲታይ ሲኒማ ቤቱ በልቅሶ ታመሰ። ሰላምታ ነፍገውት የኖሩ ሰዎች በር ላይ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አንዱማ «ኮራንብህ» አለው፤ ምን ስላደረገ እንደሆነ እንጃ። በሳምንቱ የአናጢው እናት ልጇን አስከትላ መጣች። ዓይኗ አሁንም እንባ ያቀረረ ነበር።

«ተሳስቼ ነበር» አለች። «ያ ሰው ያን ሁሉ ዱላ ቀምሶ መጥቶ ከእናንተ ሲጠጣ እኔ ማነኝ? ልጄ፣ እስቲ ውሃ ስጪኝ።»

ልጅቷ በነጩ ኩባያ ቀድታ መጣች። ሴትየዋ እጇን ዘረጋችና ኩባያው ጋ ሳትደርስ ገታችው።

«ይሄ አይደለም እኮ» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ያ ሰማያዊው። እሱ የጠጣበት።»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ሰማያዊ ኩባያ አለን እንዴ?»

ሰማያዊ ኩባያ በየሱቁ ሞልቷል። ለጎረቤት አውሼዋለሁ ቢል፣ ሮጦ ገዝቶ ቢመለስ ማን ያውቃል? የልጁ ጎጆ በአንድ ውሸት ይቆም ነበር። አፉን ከፈተ። ግን ከዚህ በኋላ ይህች ሴት በመጣች ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ፣ የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ፣ ያንን ሰማያዊ ኩባያ ሲፈልጉ ሊኖሩ ነው። መረረው።

«የእኛ አልነበረም» አለ። «ከነውሃው ይዘውት መጡ፣ ይዘውት ሄዱ። የእኛ ይሄ ነው። ሰውዬው ከዚህ አልጠጣም።»

ሴትየዋ የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ነጠላዋ ውስጥ መለሰች። «ለነገሩ» አለች፣ «አሁን ያን ያህል አልጠማኝም።»

ልጅቷ ኩባያውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ራሷ ግማሹን ጠጣችና የቀረውን ለአናጢው ዘረጋችለት።

«አንተስ? ጠምቶሃል?» አለችው።

አናጢው መልስ ከመስጠቱ በፊት ዞሮ እናቱን አየ።