ቫይረስ የተባለው መንዙማ

ባለፈው ሳምንት ሻርጃ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ላፕቶፔን ከፈተና፣ “ይሄ አሮጌ ዊንዶውስ ቦታ ይዞብሻል፣ ላንሳው?” አለኝ። ከእጁ ቀምቼው ወጣሁ። ሰውየው በትሕትና ነበር የጠየቀኝ፤ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው።

በወጣትነቴ እዚሁ ዐረብ አገር፣ አል ሙራቃባት ሰፈር ቤድ ስፔስ የሚሉትን አንድ አልጋ ተከራይቼ፣ ዴራ ሰፈር አንድ የካርጎ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። የቢሮው ሥራ አዲሱን ዊንዶውስ ይፈልጋል፤ አማርኛ የምጽፍበት ፕሮግራም ደግሞ ከአሮጌው በቀር በሌላ አልሠራ አለ። ሁለቱንም አንድ ኮምፒውተር ላይ አስጫንኩ። ስከፍተው በየትኛው ልግባ ብሎ ይጠይቀኛል። በአዲሱ የነጋዴዎችን ጭነት እመዘግባለሁ፤ አርብ አርብ በአሮጌው ከድጃ የምትለኝን እጽፋለሁ።

ከድጃ ያኔ ሰው ቤት ትሠራ የነበረች የወሎ ልጅ ናት። አባቷ መንዙማ ይደርሱ ነበር፤ አንዱም ሳይጻፍላቸው ሞቱ። እሷ በቃሏ የያዘችውን፣ ደሴ የተወችው ልጇ አድጎ እንዲያነበው ታስጽፈኝ ነበር። ፓራታ የሚሉትን ቂጣ በሻይ እያጠቀስን፣ ስንኝ ሲጠፋት ዜማውን እያንጎራጎረች ትፈልገዋለች።

በሐምሌ ሙቀት ኮምፒውተሩ እየጠፋ አስቸገረኝ። አጅማን ከተማ አንድ የአገራችን ልጅ ይጠግናል ሲሉኝ፣ በዚያ የመኪና መጨናነቅ አቅፌው ሄጄ ሰጠሁት። በማግስቱ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ።

“ኸላስ እህቴ፣ አጸዳሁልሽ። አሮጌውን ዊንዶውስ አነሳሁት። ፋይሎቹንም ቫይረስ በልቷቸው ምልክት ብቻ ሆነዋል፤ ጠራረግኳቸው።”

ምን ቫይረስ! የዚያ ፕሮግራም አማርኛ በአዲሱ ዊንዶውስ ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ ቅንፍና ጥያቄ ምልክት ይሆናል። በአሮጌው ቢከፍተው ኖሮ፣ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ ነውና ያነበው ነበር።

“ለምን አልጠየቅከኝም?”

“ዋላሂ፣ ላንቺው ብዬ ነው። ለጽዳቱም አላስከፍልሽም።”

ይህች ቸርነቱ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ለከድጃ ነገርኳት። እንደገና እንጀምር አልኳት። ጀመረች፤ ጥቂት እንዳለች ቆመች። አንጎራጎረች፣ ዜማው መጣ፣ ቃሉ አልመጣም። ድሮ የማዳምን ዕቃ ስታጥብ መንዙማውን በቃሏ ትለው ነበር።

“እዚያ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ተቀምጧል ብዬ እኮ ማለቱን ተውኩት” አለች።

ሰዎች ኮፒ አድርጋችሁ ብታስቀምጡ ኖሮ ይሉኛል። ይበሉ። ስልክ ቁጥሬ ጠጋኙ እጅ ላይ ነበር፤ አሮጌ ነገር ሁሉ ቆሻሻ የሚመስለው ሰው አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ ምን ከበደው? ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም። የአሁኑ ላፕቶፔ ላይም አሮጌውን ዊንዶውስ መልሼ ያስጫንኩት ለዚህ ነው።

ከድጃ አሁን ደሴ ገብታለች። በቅርቡ ልጇ የአያቱን መንዙማ ሲል ቀድታ ላከችልኝ። ዜማውን አንድም ቦታ አልሳተም። የጠፋው ቃል ጋ ሲደርስ ግን እንደ እናቱ ያንጎራጉራል።