ባንድ ላስቲክ የተፈተነው የዓሣ ጠመንጃ

ታላ ጆፕ ባሕር ዳር ባለችው በንጎር መንደር የዓሣ ጠመንጃ መሥራት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሥራው ብዙ ወሬ አይፈልግም። ሁለት ክንድ እንጨት ትጠርባለህ፣ ጦሩ የሚተኛበትን ቦይ ታወጣለህ፣ ከኋላ እጀታና ምላጭ፣ ከፊት ሁለት ወፍራም ላስቲክ ትገጥማለህ። ላስቲኩን ወጥረህ ምላጩን ስትስብ ጦሩ ውሃውን ሰንጥቆ ይሄዳል። ካገኘ ምሳ አለ፤ ከሳተ ትንፋሽህን በከንቱ ጨረስክ።

በዚያ ጠዋት ታላ የሳተው ከአምስት ክንድ ርቀት ነው። ለሠርግ የሚበቃ፣ ቾፍ የሚሉት ትልቅ ዓሣ ከድንጋይ ሥር ብቅ ብሎ ዓይን ለዓይን እያየው ነበር። ጦሩ ከዓሣው ጀርባ በላይ አለፈ። ሰደፉ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ የታችኛውን ከንፈሩን ሰነጠቀው።

ደም እየተፋ ብቅ ሲል የጀልባዋ ባለቤት ቢራም በሳቅ ፈነዳ። «ጆፕ! ዓሣውን ነው ራስህን ነው የወጋኸው?»

ታላ አልሳቀም። የእሱ ጠመንጃ ጥገና ላይ ስለነበር ያን ቀን የያዘው ማታር ንጃይ ይይዘው የነበረውን ነው።

ማታር ለአሥራ አንድ ዓመት አብሮት የጠለቀ ሰው ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከላይ ሆኖ ትንፋሹን ይቆጥርለታል። ባለፈው የዝናብ ወራት ታላ ለማታር አዲስ ጠመንጃ ሠራለት፤ ማታርም በዚያ ጠመንጃ ሳምንቱን ሙሉ ሳተ። «ወደ ላይ ይወረውራል፤ ይራገጣልም» አለ። ታላን ይህ አንገበገበው። የሩዝ ጆንያ በእንጨት ላይ ወጠረ፣ በቀይ ቀለም ክብ አሰመረበት፣ ውሃ ውስጥ ተከለውና ዳርቻው ሁሉ እያየ አራት ጊዜ ተኮሰ። አራቱም መሃል ገቡ።

«ንጃይ መቼ ዓይን ኖሮት ያውቃል?» ብሎ ጮኸ። «እሱ ከሩዝ ሰሃን ሌላ አይታየውም!»

የጆፕ ዘር የንጃይን፣ የንጃይም ዘር የጆፕን መስደብ ከቅድመ አያት የመጣ ወግ ነው። ሆዳም፣ ሌባ፣ ውሸታም ይባባላሉ፤ የሚቆጣ ካለ ነውረኛው እሱ ነው፤ በትሕትና የሚናገሩት ለባዕድ ብቻ ነው። ማታርም እንደ ወጉ ሳቀ፤ ዳርቻውም አብሮት ሳቀ። በማግስቱ ግን ስሙ «ሰማይ ወጊ» ሆነ። ሚስቱን ውሃ ቧንቧ ላይ «የሰማይ ወጊ ሚስት፣ ተራሽ ደረሰ» ይሏት ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ቢራም በማታር ቦታ የእህቱን ልጅ አስገባ። አሁን ማታር ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሌሎች የወጉትን ዓሣ ቅርፊት ይፍቃል።

ታላ ከንፈሩ እንዳበጠ ያንኑ ጆንያ ሰው ከሌለበት ቋጥኝ ጀርባ ተከለው። ላስቲክ ሊወጥር እጁን ሲዘረጋ እጁ አየር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ በሰው ፊት የፈተነው ባንድ ላስቲክ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈተነው እንደዚያው ነው። ላስቲክ ውድ ነው፣ ጨውና ፀሐይ ይበላዋል፤ ለጆንያ ብሎ ሁለቱን ማን ያደክማል? ባንድ ላስቲክ ጠመንጃ ሁሉ በግ ነው። ባሕር ላይ ግን የሚተኮሰው በሁለት ነው።

ሁለቱንም ወጥሮ ተኮሰ። ከክቡ አንድ ስንዝር በላይ። ደገመ፤ አንድ ስንዝር። ሠለሰ፤ ስንዝር ከሁለት ጣት።

ማታር ያለው ይህንኑ ነበር።

ሦስት ቀን ሠራበት። የዚህኛው እንጨት፣ ከሌሎቹ ጠመንጃዎች ይልቅ፣ ለላስቲኩ ጉልበት ቀሎ ነበር። እጀታው ደግሞ ከጦሩ መስመር በጣም ዝቅ ስላለ፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲረግጥ አፈሙዙ ቀና ይላል። እጀታውን ነቅሎ ምድጃ ውስጥ ጣለና አዲስ እጀታ ወደ ላይ አስጠግቶ ገጠመ። ዲምብ ከሚባለው ከባድ እንጨት ሁለት ጉንጭ ጠርቦ ግራና ቀኝ ለጠፈበት። ከመረብ ላይ የእርሳስ ክብደት ፈቶ ከፊት በኩል ቀበረ፤ ጥቂት እየጨመረ ውሃ ላይ እያስተኛ ሚዛኑን አየ። ወፍራሞቹን ላስቲኮች ቆርጦ ጣለና ቀጠን ያሉ አስገባ። አምስት ጊዜ ተኮሰ፤ አምስቱንም ቀዳዳ አንድ የሻይ ብርጭቆ ይከድናቸዋል። ጠመንጃው መዳፉን ገፋ አደረገው እንጂ አልረገጠውም። በዕድሜው እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሠርቶ አያውቅም። ምሳውን ትቶ ወደ ጀልባዋ ሄደ።

ለቢራም ነገረው።

«ዝም በል» አለ ቢራም። «እዚህ ያንተን ጠመንጃ ያልያዘ ማን አለ? ነገ ሁሉም የእኔስ እያለ ተሸክሞ ደጅህ ይሰለፋል።»

«ይሰለፍ፤ አስተካክላለሁ። ማታርን መልሰው።»

«በሰማይ ወጊ ጀልባዬ መሳቂያ እንድትሆን? ሰዉ አልሳተም ብሎ ካመነ፣ እሺ፣ የእህቴን ልጅ አወርዳለሁ። ካላመነ ግን አታድክመኝ።»

ታላ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ማታር ጠረጴዛ ሄደ። እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመረ። «አንተ ሆዳም ንጃይ! ዛሬስ ስንት ሰሃን ሩዝ ፈጀህ?»

ማታር ቀና አላለም። «ደህና ነኝ ወንድሜ። ምን ልታዘዝ?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ መልሶለት አያውቅም። ታላ ያሰበው ሁሉ ጠፋበት፤ ላስቲኩን፣ እጀታውን፣ ጆንያውን እያደባለቀ ነገረው። ማታር እጁን ጠራርጎ ጠመንጃውን ተቀበለ፣ መዘነው፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን እንጨት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ጥሩ አድርገህ ሠርተኸዋል።»

«ልክ ነበርክ ማታር።»

«እሱንማ አውቅ ነበር።» በቢላዋው ወደ ጀልባዎቹ አመለከተ። «እዚያ ያልከውን እዚያው ሄደህ አስተካክል።»

አሥር ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ ገብተው ዳርቻው ሲሞላ ታላ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ወጣ። «ስሙኝ! ማታር ንጃይ አልሳተም! የሳትኩት እኔ ነኝ፤ ጠመንጃውን ባንድ ላስቲክ ነው የፈተንኩት! የሱ ዓይን ጤነኛ ነው!»

ዓሣ ነጋዴዋ እማማ ዳባ እጇን አጨበጨበች። «ጆፕ ንጃይን ሲያመሰግን! ፀሐይ ዛሬ በየት ወጣች?»

«በሩዝ ገዝቶት ነው!» አለ አንዱ።

«የምሬን ነው!» አለ ታላ።

«የምሩን ነው አለ እኮ!» ሳቁ ዳርቻውን አናወጠው።

ታላ ዘሎ ወረደ፣ ጆንያውን ተከለ። «እንግዲህ በሁለት ላስቲክ እዩት!» ብሎ ተኮሰ። መሃል። ደገመ። መሃል።

«ታዲያ ጠመንጃው ምን ሆነ?» አለ አንድ ጠላቂ። «ያኔም ደህና፣ አሁንም ደህና!»

አሮጌው እጀታ ምድጃ ውስጥ ነዷል፤ ወፍራሞቹን ላስቲኮች ባሕሩ ወስዷቸዋል። ታላ ስህተቱን ራሱ አስተካክሎ፣ የሚያሳየው ስህተት አጥቶ ቆመ። ቢራም ትከሻውን ነቅንቆ የእህቱን ልጅ ጠራና መልሕቁን እንዲያጥብ አዘዘው።

ታላ እግሩን እየጎተተ ወደ ማታር ጠረጴዛ ተመለሰ። ጠመንጃውን ከቅርፊቱ መሃል አስቀመጠው።

«ሁሉንም ሰምተሃል። እባክህ ስደበኝ። ውሸታም ጆፕ በለኝ።»

ማታር ጠመንጃውን በሁለት እጁ አንስቶ፣ እንዳይቆሽሽ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ መለሰለት።

«አላህ ይስጥህ ጌታዬ፤ ደከምክልኝ» አለ። «የሚፈቅ ዓሣ ካለህ አምጣ። ከሌለህ ግን፣ ሰው ከኋላህ እየጠበቀ ነው።»