ሐበሻ የማይደርስበት ሎስ አንጀለስ

ሎስ አንጀለስ ሄዶ ሆሊውድን ሳይረግጥ የተመለሰ ሰው ካለ እኔና ጓደኛዬ ነን። መንገድ ጠፍቶን ወይም ጊዜ አጥሮን አይደለም። እንዳትረግጥ ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ፣ መጽሐፍ አገላብጬ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሁለታችን ኦክላንድ ውስጥ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር፤ እሷ መኝታ ቤቱን፣ እኔ ሳሎኑን። እኔ በርክሌ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። እሷ ዳብሊን በምትባል ጎረቤት ከተማ ቢሮ ውስጥ ፋይል ታደራጃለች። ልጅ ሳለች አባቷ እሑድ እሑድ ሲኒማ ቤት ይዘዋት ይሄዱ ስለነበር ፊልም ነፍሷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን እንኳ ሆሊውድ ውሰጂኝ» እያለች ነዘነዘችኝ። መኪና ያለኝ እኔ ነኝ፤ ስድስት ሰዓት መንዳት ደግሞ ሞቴ ነው። «ሆሊውድ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አለልሽ» እያልኩ አሾፍባት ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታ ስልክ ተደወለልኝ። ሳን ሆዜ የሚኖሩት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ምነው፣ በደህና ነው?»

«የጓደኛሽ አባት ዐርፈዋል። ትናንት ተቀብረዋል። ወንድሟ ከአዲስ አበባ ለኔ ኮል አደረገልኝ።»

የአንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውየውን ዓይቻቸው አላውቅም፤ ድምፃቸውን ግን አውቀዋለሁ። ሲደውሉ ስልኩን እኔ ካነሳሁ፣ ልጃቸውን ከመጠየቃቸው በፊት የኔን ጤንነት፣ የእናቴን ጤንነት፣ የሥራዬን ሁኔታ አንድ በአንድ ይጠይቁኝ ነበር። በዚያ በስልክ ዋጋ!

«መርዶውን እሑድ ማለዳ ተሰብስበን መጥተን እንነግራታለን» አሉ ሽማግሌው። «ሰው ሁሉ ከሥራ ኦፍ የሚሆነው ያን ቀን ብቻ ነው። እስከዚያ ስልክ አጠገብ እንዳትደርስ። ሐበሻ ያለበት ቦታም አታድርሻት፤ ወሬ እንደሆነ እንደኛ ኦፍ አይጠብቅም።»

«ጋሼ፣ ሦስት ቀን እኮ ነው። የት አባቴ ልደብቃት?»

«አንቺ ታውቂበታለሽ» አሉና ዘጉት።

የማላውቅበት ነገር ቢኖር መደበቅ ነው። ፊቴ ምስጢር አይችልም፤ እናቴ ራሷ «አንቺን ሌባ ይዞ አይወጣም» ትለኛለች። ቢሆንም ከሥራ ስወጣ ቤተ መጻሕፍት ገባሁና ስለ ሎስ አንጀለስ የተጻፈ የጎብኚዎች መጽሐፍ ተዋስኩ። መጨረሻው ላይ ብዙ ሰው ስለማያውቃቸው ቦታዎች የሚናገር አጭር ምዕራፍ ነበረው። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። የኔ መለኪያ አንድ ብቻ ነበር፦ ሐበሻ ይደርስበታል ወይስ አይደርስበትም? የተዋናዮች ስም ያለበት ኮከብ የተነጠፈበት የሆሊውድ መንገድ ቀረ፤ ከየትም የመጣ ያገሬ ሰው እዚያ ፎቶ ሳይነሳ አይመለስም። የኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ ጎዳናማ ጭራሽ አይታሰብም።

ማታ «ነገ አሞኛል ብለሽ ሲክ ኮል አድርጊ፤ ሎስ አንጀለስ እንሄዳለን» አልኳት።

ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ምን ነካሽ ዛሬ? ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» አለች። እኔም አቀፍኳት፤ ፊቴን እንዳታይ ቶሎ አልለቀቅኋትም።

ዓርብ በጠዋት ወጥተን ከሰዓት በኋላ ደረስን። መጀመሪያ የወሰድኳት ኮረብታ ላይ ወዳለ የድሮ ደረጃ ነው። ቤቶቹ የመኪና መንገድ የላቸውም፤ ሰዎቹ አስቤዛቸውን ተሸክመው ደረጃ ለደረጃ ነው የሚወጡት። የሎሚ ዛፍ በአጥሩ ላይ ወደኛ ተንጠልጥሏል፣ ድመቶች ደረጃው ላይ ተኝተዋል። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ማዳበሪያ አፈር በቅርጫት ይዘው ሲወጡ ጓደኛዬ ቅርጫቱን ተቀብላ ደጃቸው ድረስ አደረሰችላቸው።

«ሆሊውድ ብዬሽ ደረጃ ታስወጪኛለሽ?» አለችኝ እያለከለከች። «ደረጃማ አፓርትመንታችንም አለ!»

ከላይ ስንደርስ ነጫጮቹ የሆሊውድ ፊደላት ከማዶ ተራራ ላይ ጥፍር አክለው ታዩን። እንደ ሕፃን እጇን አውለበለበችላቸው። «ነገ እንሄዳለን አይደል?» አለች። «እናያለን» አልኳት። በዚያ ጉዞ ላይ ስንት ጊዜ «እናያለን» እንዳልኩ እግዜር ይቁጠረው።

ያን ማታ ሞቴል ውስጥ አልጋዋ ላይ በደረቷ ተኝታ ነዳጅ ስንቀዳ የገዛችውን ፖስት ካርድ መጻፍ ጀመረች። «ላባቴ ነው» አለች። «ሆሊውድን በሩቁ እንዳየሁት ልንገረው፤ መቼም ይስቅብኛል።» ከዚያ ቴምብር ጠየቀችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ። በምላሴ አርሼ፣ ለጥፌ ሰጠኋት፤ ሌላ ምን ላድርግ? መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። በልጅቷ ሐዘን ላይ የምቀልድ ሆኖ ተሰማኝ፤ በሽማግሌውም፣ በራሴም ተናደድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መሐል ከተማ ወዳለ አሮጌ ሕንጻ ሄድን። ከውጭ ሲታይ ተራ የጡብ ሕንጻ ነው። ውስጡ ግን ጣሪያው መስታወት፣ መወጣጫው ሁሉ ብረት ሆኖ፣ አሳንሰሮቹ ሽቦአቸው እየታየ በግልጽ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ጓደኛዬ ግማሽ ሰዓት አንጋጣ ቀረች። ስንወጣ ግን የረሳሁት ነገር ፊቴ ተደቀነ። የትም ብትሄድ፣ አሜሪካ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂው ሐበሻ ነው! ስንገባ ፈረንጅ ነበር፤ አሁን ፈረቃ ተቀይሮ ያገራችን ሰው ቆሞ ይጠብቀናል።

«ከየት ናችሁ እህቶቼ?» አለ።

«ከኦክላንድ» አለች ጓደኛዬ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

«ኦክላንድ! የአክስቴ ልጅ እዚያ ነው። ትናንት ስናወራ እኮ አንዲት እዚያ ያለች ልጅ አባቷ...»

«ወንድሜ!» አልኩት፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ። «ጎማዬን እስቲ እይልኝ፣ ነፋሱ ጎድሏል መሰለኝ።» ክንዱን ይዤ ወደ መኪናው ኋላ ወሰድኩትና «እሷ ናት፤ ገና አልሰማችም» አልኩት በጆሮው።

ሰውየው ደነገጠ። ጎንበስ ብሎ ደህናውን ጎማ ለረጅም ጊዜ ሲደባብስ ቆየ። ከዚያ ወደ ጥበቃ ክፍሉ ገብቶ የራሱን ሁለት ጠርሙስ ውኃ አመጣና ለሷ ሰጣት። የማቆሚያውንም ሒሳብ አልቀበልም አለ። ስንወጣ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ነበር።

«እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» አለች ጓደኛዬ። «አባቷ ምናምን ያላት ልጅ ግን ማን ናት?»

«እኔ ምን አውቄ? ኦክላንድ ስንት ሰው አለ!» አልኩና ሬዲዮውን ከፈትኩት።

ከዚያ ዋትስ ሰፈር ሄደን፣ አንድ ሰው ለብቻው በተሰበረ ሳህንና ጠርሙስ ያስጌጣቸውን ረጃጅም ማማዎች በአጥር ቀዳዳ አየን። እሷ ሳቀች፣ ተደነቀች፣ ሰፈሩ ውስጥ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ገመድ ዘለለች። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

የመጨረሻው ሳን ፔድሮ ነበር፤ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ፣ ላዩ ላይ ከኮሪያ በስጦታ የመጣ ትልቅ ደወል የተሰቀለበት። ነፋሱ ይነፍሳል፤ ቤተሰቦች የወረቀት አሞራ ያበርራሉ። ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ባሕሩን አየችና «ሆሊውድን ተዪው» አለችኝ። «አባቴ ሲመጣ እዚህ ነው የማመጣው። ወንበር አምጥቼ እዚህ ጋ አስቀምጠዋለሁ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ስድስት ሰዓት መንገድ፣ እኔ እየነዳሁ፣ እሷ እየጮኸች፣ አንድም እጇን የሚይዝላት ሰው ሳይኖር... ፈራሁ። «ነፋሱ በረታ፣ እንሂድ» አልኳት።

ሌሊት ላይ ኦክላንድ ቤታችን ገባን። እሷ ስትታጠብ የስልኩን ገመድ ነቀልኩት። እሑድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፤ ሽማግሌው፣ ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ደረጃው ሙሉ ሰው። አንድ ቃል መናገር አላስፈለጋቸውም። በሌሊት ልብሷ ወጥታ አየቻቸውና «አባቴ ነው ወይስ እናቴ?» አለች። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ያዛት። ሽማግሌዎቹ ይህን ልማድ ለምን እንደያዙት ያን ጠዋት ገባኝ፤ እኔ ብቻዬን ብሆን አልችላትም ነበር።

ቤቱ ሦስት ቀን ሰው አልተለየውም። በአራተኛው ቀን ሁሉም ሄዶ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሰው ያመጣውን ሳህን አጥባለሁ፤ እሷ ታደርቃለች። ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ሞቴል ውስጥ መታጠቢያ ቤት የገባሽ ጊዜ ስታለቅሺ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሆድሽን ያመመሽ መስሎኝ እኮ ሻይ ላፈላልሽ ነበር።» ሳህኑን ደጋግማ አደረቀችው። «እኔ ገመድ ስዘል፣ ያባቴን ለቅሶ አንቺ ብቻሽን ተቀመጥሽ።»

የያዝኩትን ሳህን ውኃው ውስጥ ተውኩት። አፈርኩ፤ ደግሞ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊኝ» አለች። «የሰማሽ ሰዓት ንገሪኝ። መንገድ ላይም ብንሆን መኪናውን አቁሚና ንገሪኝ፤ አብረን እናለቅሳለን።»

እናቷ ገና በሕይወት ነበሩ። ስለ ማን እንደምትናገር ሁለታችንም እናውቃለን።

«እሺ» አልኳት።