ለሴይቼንቶዬ ጎማ ፍለጋ መርካቶ

ናዝሬት፣ አርብ ንጋት

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። ፎቶ ቤቴ ዛሬ ዝግ ነው። ኮቴ ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለች የብረት መጫወቻ መኪና ይዣለሁ፤ እንደ ድሮ ታክሲዎቻችን ታቿ ሰማያዊ፣ ላይዋ ነጭ የሆነች ሴይቼንቶ። ዕድሜ ልኬን ከሰበሰብኳቸው አሮጌ መጫወቻ መኪኖች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው አባቴ ከአሰብ ሲመለስ አመጣልኝ። ያን ዕለት በምስማር ሆዷ ላይ «በ» ብሎ ጫረባት፤ ስሜን በላይን ለማለት ነው። «የሰፈር ልጅ እንዳይለውጥብህ» አለኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር የሚል ሰው ነበር። ያወረሰኝ መኪናዋንና ይህንኑ ጠባይ ነው።

ቤት ስንቀይር አንድ ጎማዋ ጠፋ። መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ያሉ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ ነጋዴ ድሮ መጫወቻ ያስመጡ እንደነበር፣ ጣሪያዋ የተጨፈለቀ የእሷ ዓይነት አንዲት እንደቀረቻቸውም ሰማሁ። ስደውልላቸው «ና ጎማዋን ውሰድ፤ ለእኔ ምን ይሠራልኛል» አሉኝ። በነፃ። መርካቶ ውስጥ፣ በነፃ። የእኔን ሊለውጡብኝ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ስለዚህ ዛሬ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ከአባቴ «በ» አጠገብ በምስማር ትንሽ የመደመር ምልክት ጫርኩ። «በ»ን ማንም አይቶ ሊኮርጃት ይችላል፤ ምልክቴን ግን ማንም ልብ አይላትም።

ደብረ ዘይት

የተሳፈርኩበት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ለቁርስ ቆመ። በመስኮት ብርቱካን፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይገባል። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ኮቴን አየና፣

«ምን ታቅፈህ ነው?» አለኝ።

«መድኃኒት።»

«የምን?»

«የልብ።»

አዘነልኝና ብርቱካኑን አካፈለኝ። እሱ መጀመሪያ እስኪበላ ጠብቄ በላሁ።

«ወገኖቼ፣ አውቶቡስ ተራ ስትወርዱ ኪሳችሁን» አለ ሾፌሩ ሞተሩን እያስነሳ። በመንገዱ ሁሉ ያመንኩት እሱን ብቻ ነው።

አውቶቡስ ተራ፣ ረፋድ

የናፍጣ ጭስ፣ የረዳቶች ጩኸት፣ በጆንያ የታሰረ ዶሮ። አንድ ተሸካሚ ተከተለኝ።

«ጋሼ፣ ዕቃ ልያዝ?»

«ዕቃ የለኝም።»

«ታዲያ ምን አቅፈው ነው?»

እርምጃዬን አፈጠንኩ። ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ገፋኝ፤ ሆን ብሎ መሰለኝ። የአንዱ ጋሪ እግሬን ሊድጠው ምንም አልቀረው። ሰባተኛ እስክደርስ እጄን ከኮቴ ውስጥ አላወጣሁም።

ሰባተኛ፣ የጁምዓ ሰዓት

የሐጂ ሸምሱ ሱቅ ጠባብ ናት፤ እስከ ጣሪያ ሳፋ፣ ጆግና ኩባያ ተደርድሮባታል። ሐጂ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ሴይቼንቶዬን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ፈገግ አሉ። የተጨፈለቀችውንም ከመደርደሪያ አወረዱ።

«ምናለሽ ተራ ጎማውን የሚገጥምልህ ባለሙያ አለ። ወደ ሶላት ስሄድ አደርስለታለሁ።»

«አብሬዎት ልሂድ።»

«ሱቁን ማን ይይዘዋል? ሌላ ጊዜ በሩ ላይ እንጨት አጋድሜ ነው የምሄደው። ዛሬ አንተ አለህልኝ።»

መልስ ሳልሰጥ ሁለቱንም መኪኖች ይዘው ወጡ። የገንዘብ መሳቢያው አልተቆለፈም። አንድ ሰው ተደብቆ እያየኝ ነው ብዬ ጣሪያውን ሳይቀር ቃኘሁ። አንዲት ሴት ገብታ ጆግ መረጠች፤ ሒሳቡን ለእኔ፣ ለማታውቀኝ ሰው፣ «ለሐጂ ስጥልኝ» ብላ ሄደች። ይህችም የእነሱው ሰው ትሆናለች አልኩ።

ከሶላት በኋላ

ሐጂ ባለሙያውን አስከትለው መጡ፤ ጣቶቹ ቀለም የነካቸው ጎልማሳ ነው። ሴይቼንቶዋ አራት ጎማ አላት። ገልብጬ ሆዷን አየሁ። ምልክቴ የለም። «በ»ም የለም። ደሜ ፈላ።

«ሐጂ፣ ይህቺ የእኔ አይደለችም። የእኔን ይስጡኝ።»

ከሶላት የሚመለሱ ጎረቤቶች ዞር ብለው አዩን። ባለሙያው ነው የመለሰልኝ።

«ወንድሜ፣ ያንተው ናት። ሆዷ ላይ «በ» የመሰለ የቆየ ጭረት ነበር፣ አጠገቡ ደግሞ አንድ የመደመር ምልክት። አሮጌው ብቻ ቢሆን እተወው ነበር፤ ዕድሜ ነው። አዲሱ ግን ሲያበራ ዓይኔን ወጋው። በብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም አጥፍቼ ቀለም አስነካሁት። ምርቃት ነው፣ አልጠይቅህም።»

መኪናዋ የእኔ እንደሆነች ያወቅሁትና የአባቴ ጽሑፍ እንደሌለ ያወቅሁት በአንድ ጊዜ ነው። ሐጂ በርጩማቸውን አስጠጉልኝ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ሱቄን ትቼልህ ስሄድ የትኛው ጆግ ላይ ምልክት አደረግሁ?» አሉኝ ቀስ ብለው። ከዚያ ሻይ አዘዙልኝ። ቀምሰው እስኪያሳዩኝ ሳልጠብቅ ጠጣሁት።

ናዝሬት፣ ማታ

ባለቤቴ ገነት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ነው።

«ለወጡብህ አይደል?»

«አልለወጡብኝም። ያበላሸኋት እኔው ነኝ።»

ምስማሩ ጠዋት የተውኩበት መስኮት ላይ ነበር። አነሳሁትና «በ»ን መልሼ ልጭር ሴይቼንቶዋን ገለበጥኳት። የአባቴ «በ» አንድ እግሩ ወደ ውጭ ፈንገጥ ያለ ነበር። ቀኙ ይሁን ግራው ግን ትዝ አላለኝም። ስንት ዓመት የሰው እጅ እጅ ሳይ፣ የእሱን እጅ ልብ ብዬ አላየሁትም።

ምስማሩን ለገነት ሰጥቼ መኪናዋን ቦታዋ መለስኳት።