ሳር ማስጠማት ያልቻሉት ዘበኛ

የሰው ደግነት ያናድዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ጋሽ ሰይዶን እስካውቅ ድረስ።

ጋሽ ሰይዶ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ያለው የምርምር ቦታችን ዘበኛ ናቸው። እንሴኖ ተወልደው እዚያው በርበሬ ሲያመርቱ ኖሩ። አንድ ዓመት ዝናብ ቀረና ማሳቸው ዓይናቸው እያየ ደረቀ፤ ዘበኝነት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። አርፍደው አያውቁም። ፍየል ዝር አይልባቸውም። እኔን ራሴን እንኳ ሦስት ጊዜ መታወቂያ ጠይቀውኛል።

የእኔ ሥራ በላስቲክ ጣሪያ ሥር፣ በባልዲ የተተከለ ዝሆኔ ሳር ነው። ይህ ሳር ነዳጅ ይወጣዋል፤ በደረቅ መሬት እንዲበቅል ግን ጥም የሚያስችሉትና እድገቱን የሚቆጣጠሩት የዘረመል ቤተሰቦች የትኞቹ እንደሆኑ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ሃያ ባልዲ ለሃያ አንድ ቀን ውሃ አይቀምስም። ከዚያ ቅጠሉ ተቆርጦ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ካልሄደ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልርሳው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ስመጣ ተጠማ የተባለው ሳር ለምለም ነው! ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ፤ ጭቃ።

"ጋሽ ሰይዶ! አጠጥተውታል?"

"ኧረ እኔ ለሶላት ዉዱእ ነው ያደረግኩት።"

"ሃያ ባልዲ ላይ?"

"በቀን አምስት ጊዜ እኮ ነው፣ ልጄ።"

ደሜ ፈላ። "ስንቴ ልንገርዎት? ካልተጠማ ዘረመሎቹ ሥራ አይጀምሩም! እነዚያ ቤተሰቦች..."

"ቤተሰብ ከሆኑማ ጭራሽ እንዴት በውሃ ጥም ይቀጣሉ?"

"ለሳር ያዘኑ ለእኔ ምነው አላዘኑ?" ብዬ ጮህኩ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሥራ ነው፤ ማልቀስ ሁሉ አማረኝ።

ጋሽ ሰይዶ አቀረቀሩ። "ቅጠሉ ሲጠቀለል አየሁት። በርበሬዬም እንዲያ ነበር የጀመረው" አሉ።

ንዴቴ ግን አልበረደም። ቤቴ ገብቼ ቀን ቆጠርኩ። የቀረኝ ጊዜ ለአንድ ዙር ብቻ ይበቃል፤ ከሰኞ ጀምሮ እንደገና ማስጠማት ነው። ዘበኛው ይቀየርልኝ ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ።

ሰኞ ጠዋት ማመልከቻውን በቦርሳዬ ይዤ ስደርስ በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስደዋል። የበሩንና የቧንቧውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡ።

"ሃያ አንዱን ቀን እንሴኖ እህቴ ቤት እቆያለሁ" አሉ። "እዚህ ከዋልኩ አጠጣዋለሁ። በእኔ አትተማመኚ።"